ከፎቶው ጀርባ ያለው «1938» የማን 1938 ነው?

ጥያቄ፦ «አያቴ በ1998 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። በቅርቡ እናቴ ከሻንጣቸው አንድ ፎቶ አግኝታ ላከችልኝ። 17 ወጣቶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መሀላቸው ቁምጣና ረጅም ካልሲ ያደረገ አንድ ፈረንጅ ተቀምጧል። ከጀርባው በእርሳስ ‹የክፍላችን ልጆች፣ 1938› ይላል። ከአምስቱ ልጆች ራስ በላይ ትንንሽ የመስቀል ምልክት አለ። አያቴ በሕይወት ሳሉ ‹እኛ የሠላሳዎቹ ተማሪዎች› ይሉ ነበር። ወሬያቸው ግን አይገጥምልኝም። አንዴ ‹ሙሴ ፈረንሳይኛ ስንሳሳት በአለንጋ ይገርፈን ነበር› ይላሉ። አንዴ ‹ጣልያን ሲገባ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ› ይላሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ‹ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሁለት ሽልንግ ታስይዘኝ ነበር› ይላሉ። በ1938 አገሩ በጣልያን እጅ አልነበረም እንዴ? ያኔ ሃይስኩል የጨረሰ ሐበሻ ነበር ወይ? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚያድጉት ልጆቼ ታሪኩን በትክክል ልነግራቸው እፈልጋለሁ።»

መልስ፦ ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን ስላዩት አመሰግንዎታለሁ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ስካን አድርጎ ይልክልኛል። ስለ ጀርባው ስጠይቅ «ምንም የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው» ይለኛል። እኔ እኮ የምፈልገው ጽሑፉን ነው።

አያትዎ አልዋሹም። አልተምታታባቸውምም። የተምታታው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ከፎቶው ጀርባ ያለው 1938 የእኛው ዓ.ም. ነው ብዬ አምናለሁ። በፈረንጆቹ ከ1945 መስከረም እስከ 1946 መስከረም ማለት ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ። አለንጋ የያዘው ሙሴ (በፈረንሳይኛ «ሞስዮ»፣ አቶ ማለት ነው) ግን እዚያ ፎቶ ውስጥ የለም። እሱ የሌላ ትምህርት ቤትና የሌላ ዘመን ሰው ነው። አያትዎ ሁለት ክፍል ነበራቸው። አንዱ ፎቶ አለው፣ ሌላው የለውም።

አሁን ረጅሙን ልንገርዎ።

ፈረንጅ «1930ዎቹ» ሲል በእኛ ከ1922 እስከ 1932 ያለውን ዘመን ነው። የእኛ ሽማግሌ «ሠላሳዎቹ» ሲል ግን በፈረንጅ ከ1937 እስከ 1947 ያለውን ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ለሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው። ያች አጭር ጊዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጣልያን ወረራ ውስጥ ትወድቃለች። ስለዚህ አንድ ሰው የአባቱን ወረቀት ይዞ፣ አንዱን አቆጣጠር በሌላው ካነበበ፣ አባቱን በቀጥታ ከፋሽስት ትምህርት ቤት ያስመርቃቸዋል። ይህን ስሕተት በቀብር ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! «በተወለዱበት አካባቢ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በ1930 ዓ.ም. በወቅቱ የነበረውን ከፍተኛ ትምህርት አጠናቀው…» ይባላል። ለቀስተኛው ይነቀንቃል። በ1930 ዓ.ም. የትኛው ትምህርት ቤት ነው ያስጨረሳቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደግሞ በቀብር ላይ ማን ይጠይቃል?

አያትዎ በ1998 በ83 ዓመታቸው ካረፉ የተወለዱት 1915 አካባቢ ነው። ይቺን ቁጥር ይያዙልኝ። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1938 ደግሞ 23 ዓመታቸው ነው። የ23 ዓመት ጎረምሳ የሃይስኩል ተማሪ መሆኑ ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን ነገሩ የተለመደ ነበር። አምስት ዓመት በጦርነት የተበላባቸው ልጆች ናቸው። ጢማቸውን እየተላጩ ነው ክፍል የሚገቡት። ፎቶውን በዚህ ዓይን እንደገና ይዩት። «ወጣቶች» ብለው ነው የጻፉልኝ፣ «ልጆች» አላሉም።

ሙሴው ከዚህ በፊት ነው የሚመጣው።

ከጦርነቱ በፊት በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ሲባል አፉ የፈታው በፈረንሳይኛ ነበር ማለት ይቻላል። በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። እዚያ ብዙ ቋንቋ ይሰጥ ነበር። የአሊያንስ ትምህርት ቤት ነበር። የላዛሪስት የካቶሊክ ሚሲዮኖችም ያስተምሩ ነበር። ከዚያ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፣ ትምህርቱም በአብዛኛው የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ነበር። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ አስተማሪውን «ሙሴ» ብሎ ከጠራው፣ እኔ ወዲያው ከ1928 በፊት ብዬ እመዘግባለሁ። «ሰር» ወይም «ሚስተር» ካለ ከ1933 በኋላ ነው። ቀላል ዘዴ ትመስላለች፤ ግን ብዙ ጊዜ አሳፍራኝ አታውቅም። አያትዎ ከእነዚህ የትኛው ትምህርት ቤት እንደነበሩ ከ«ሙሴ» ብቻ መለየት አይቻልም። ዘመኑ ግን ተለይቷል።

«ያኔ ሃይስኩል የጨረሰ ነበር ወይ?» ላሉት፦ እኛ ዛሬ በምናውቀው መንገድ አልነበረም። 12ኛ ክፍል የሚባል፣ መላ አገሩ የሚፈተነው ፈተና ያለበት፣ ካባ ተለብሶ ቆብ የሚወረወርበት ነገር አልነበረም። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ገና የተቋቋመው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ከትምህርት ቤት መውጫው መንገድ ሌላ ነበር። አንዱ ልጅ ቋንቋ ሲለምድ አንድ መሥሪያ ቤት ለአስተርጓሚነት ወይም ለጸሐፊነት ይወስደዋል። ሌላው ተመርጦ ወደ ውጭ ይላካል። ግብፅ፣ ሊባኖስ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ። ምርቃታቸው እሱ ነበር። የባቡር ጣቢያ ምርቃት ልበለው? ቤተሰብ ለገሀር ድረስ ይሸኛል፣ ያለቅሳል፣ ይመርቃል። «ተመረቀ» የሚለው ቃል ያኔ ከዲፕሎማ ይልቅ ወደ አባትና እናት ምርቃት የሚቀርብ ነበር።

በዚህ መንገድ የሄዱትን ስማቸውን ያውቋቸዋል። አክሊሉ ሀብተወልድ በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ ተምረው ፓሪስ ሶርቦን ገቡ። ይልማ ዴሬሳ በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት። መላኩ በያን ደግሞ እርስዎ ካሉበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 እ.ኤ.አ. ጨረሱ። ዓመቱን ልብ ይበሉ። ዲግሪያቸውን ይዘው የገቡት በቀጥታ ወደ ጦርነት ነው። በኋላ ተመልሰው ኒው ዮርክ ላይ በ1937 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. በወጣትነታቸው ሞቱ። ልጆችዎን አንድ ቅዳሜ ወደ ሐዋርድ ግቢ ቢወስዷቸው አይጠሉትም።

ሴቶቹስ? ፎቶዎ ላይ ሴት የለችም፣ አይገርምም። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ገና አራት ዓመት ቢሆነው ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ውስጥ በትክክል «ተመረቀች» ለማለት የምደፍርላት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናት። ለንደን በስደት ላይ ሳለች በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ የነርስነት ሥልጠናዋን በ1939 እ.ኤ.አ. ፈጸመች። አገሯ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ በ1942 እ.ኤ.አ. ዐረፈች።

ወደ አያትዎ ልመለስ። በ1927 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ናቸው። ከታናናሾቹ ክፍል። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ትልልቆቹን እያዩ የሚያድጉበት ዕድሜ ነው። ያን ዓመት፣ በጥር ወር፣ ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዕጩዎቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተወሰዱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የታናናሾቹ ትዝታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ትልልቆቹ የሉም። ከዚያ በበዓል ቀን ዩኒፎርም ለብሰው፣ ቦት ጫማቸው እያብለጨለጨ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ያነጋገርኋቸው አዛውንቶች የትምህርት ቤት ነገር ሲነሣ ስለ ሂሳብና ጂኦግራፊ ሳይሆን ስለ ጫማ ነው የሚያወሩት። ጫማ ማን ነበረው፣ ማን አልነበረውም። ከሰባ ዓመት በኋላ እንኳ የሆለታውን ቦት ሲያወሩ እጃቸው እንዴት እንደሚያበራ ያሳያል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን መረብን ተሻገረ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። የሆለታ ዕጩዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጣርማ በር ላይ ጠላትን እንዲያቆሙ ተላኩ። ጥቂት ልጆች፣ ታንክና አውሮፕላን ያለውን ጦር። ከዚያ የተረፉት ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ነቀምቴ ላይ ጣልያንን የሚዋጋው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ገቡ። ማኅበሩን የሚመሩት እንግሊዝ አገር የተማሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ውጭ ተምረው የተመለሱትና ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት በቀጥታ የወጡት እዚያ ተገናኙ። ከራስ እምሩ ጋር ሆነው በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ ቆዩ።

ሁለት ወር ቆይቶ የካቲት 12 መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አልደግመውም። ለጥያቄዎ የሚያስፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ የተማሩ ወጣቶች ተለይተው ይፈለጉ ነበር። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ አገር የተማሩ መሐንዲሶች፣ ተገደሉ። ከሆለታ ልጆችም ብዙዎቹ ተረሸኑ። ክፍሌ ነሲቡ አንዱ ነው። ሌሎች ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፣ ሌሎች ሶማሊያ ወደ ደናኔ እስር ቤት። ይልማ ዴሬሳ ከተጋዙት ናቸው። ከራስ እምሩ ጋር ከተማረኩት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ፤ እሳቸውም ኢጣሊያ ታስረው ቆዩ።

በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ፈረንሳይኛ እንደሚያውቅ ማሳወቅ ራስን ማጋለጥ ነበር። መጽሐፉን መሬት ውስጥ የቀበረ አለ። ያቃጠለ አለ። ፎቶም እንዲሁ። ከ1928 በፊት የተነሡ የክፍል ፎቶዎች በቤተሰብ እጅ ብዙ የማይገኙት ሰው ፎቶ ስላልተነሣ አይደለም። በፎቶ ላይ አብሮ መታየት ማስረጃ ስለሚሆን ነው። አያትዎ የመጀመሪያ ክፍላቸው ፎቶ የሌላቸው በዚህ ምክንያት ይሆን? እኔ ወደዚያ አደላለሁ።

በጣልያን ዘመንስ ትምህርት አልነበረም? ነበር፣ ግን ለሐበሻ ልጅ የተፈቀደው ዝቅተኛው ብቻ ነው። ጣልያንኛ መናገር፣ ጥቂት የእጅ ሙያ፣ ብዙ መታዘዝ። ሁለተኛ ደረጃ ለኢትዮጵያውያን የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የእርስዎ 1938 የፈረንጅ 1938 ቢሆን፣ የሚቆሙበት ክፍል ራሱ የለም። ሌላም ምልክት አለ። ጣልያኖች የራሳቸው የፋሽስት ዘመን ነበራቸው፣ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር። በሮማ ቁጥር ይጽፉታል። የፈረንጅ 1938 በእነሱ አብዛኛው 16ኛው ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ከትምህርት ቤት የወጣ ፎቶ ወይም ወረቀት ብዙውን ጊዜ ያንን የሮማ ቁጥር ይዞ ይገኛል። የእርስዎ ላይ የለም፤ ያለው በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ተማሪ እጅ ነው።

አሁን ሁለቱ ሽልንግ። ወሬውን ሁሉ የፈታልኝ እሱ ነው።

ትዝታን በዓመት ከመጠየቅ በገንዘብ መጠየቅ ይሻላል። ሰው ዓመት ይረሳል፣ እናቱ መዳፉ ላይ ያስቀመጠችለትን ሳንቲም ግን አይረሳም። ከጦርነቱ በፊት ቢሆን ማርትሬዛ ብር ወይም ቤሳ ይሉ ነበር። በጣልያን ዘመን ሊሬ ነው። ከነፃነት በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው መጡ። ሽልንጉ ሕጋዊ መገበያያ ሆኖ የቆየው ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ነው። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ስለዚህ እናታቸው ሽልንግ ያስያዟቸው ተማሪ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. መካከል አዳሪ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በእነዚያ ዓመታት የተከፈተው አዳሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ይታወቃል። ኮተቤ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1935 ዓ.ም.። በዚያው ሰሞን ተግባረ እድና ንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶችም ተከፍተዋል፣ እነሱ ግን ለሙያ ነበሩ። ጀኔራል ዊንጌት ትምህርት የጀመረው በ1946 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ለአያትዎ ይዘገያል። ተፈሪ መኮንን ከነፃነት በኋላ እንደገና ሥራ ጀምሮ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት) ተረከቡት። የሚገርመው ንጉሡ ሃይማኖት እንዳይሰብኩና የቄስ ልብስ እንዳይለብሱ አስማምተዋቸው ነው። የቡድኑ መሪ ሉሲየን ማት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በእርስዎ ፎቶ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቁምጣና ረጅም ካልሲ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ አለባበስ ይመስላል። ቁምጣ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ጣልያኖችም ይለብሱት ነበር። ሽልንጉ ነው ኮተቤ ያሰኘኝ።

ኮተቤ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ምግብ፣ ልብስና አልጋ በመንግሥት ነው። እንዲያ ካልሆነ ተማሪ አይገኝም። የትምህርት ሚኒስትሩም ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። ማዕረጉን ለማንም አልሰጡም፣ ሥራውን በምክትል ያሠሩ ነበር። ትምህርት ቤት እየመጡ ይጎበኛሉ፣ ተማሪ ያናግራሉ። በገና ለተማሪ ሹራብና ብርቱካን ያድሉ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያወራል። እናትዎን ይጠይቋቸው፣ ብርቱካኑ በእርግጥ ከአያትዎ ወሬ ውስጥ አይጠፋም።

ቋንቋው ተገልብጧል። በ1928 ፈረንሳይኛ ሲሳሳት የተገረፈ ልጅ፣ በ1935 በእንግሊዝኛ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ይህን ማንም አያስብላቸውም። አንድ ሙሉ ትውልድ ትምህርቱን በሦስት የባዕድ ቋንቋ ከፋፍሎ ነው የተማረው። ከእነሱ አንዱ፣ ስማቸውን አልጠቅስም፣ «ቁጥር ስደምር በፈረንሳይኛ፣ ስሳደብ በጣልያንኛ፣ ደብዳቤ ስጽፍ በእንግሊዝኛ ነው» ብለውኛል። ሲጸልዩ በግዕዝ መሆኑን ሳይነግሩኝ አውቄያለሁ።

በ1938 «ጨረሰ» ማለትስ ምን ነበር? አሁንም ተጠንቅቀን እንጠቀምበት። በመላ አገሪቱ የሚሰጠው የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ገና አልመጣም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እንኳ የተከፈተው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ዓመታት ወደ ውጭ መሄድ የሚፈልግ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። ሌላው ገና ሳይጨርስ መሥሪያ ቤት ይጠልፈዋል። ጣልያን የፈጀውን የተማረ ሰው የሚተካ ስለጠፋ፣ ሚኒስቴሮቹ ከክፍል ውስጥ ልጅ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ለልጆችዎ «ቅድመ አያታችሁ በ1938 ከሃይስኩል ተመረቁ» ብለው አይንገሩ። ፎቶው ራሱም «ተመራቂዎች» አይልም። «የክፍላችን ልጆች» ነው የሚለው። አያትዎ ቃላቸውን የመረጡ ሰው ነበሩ።

የዚያ የኮተቤ ትውልድ ልጆች በኋላ በየአቅጣጫው ነው የተበተኑት። ግርማሜ ነዋይ ከዚያ ወጥተው ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ተማሩ፤ በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥቱ አንዱ መሪ ሆነው ሞቱ። ከእሳቸው ጋር በአንድ መኝታ ቤት ያደሩ ሌሎች ደግሞ በዚያው ቀን በመንግሥት ወገን ነበሩ። የክፍል ጓደኛ ስም ሲነሣ ሽማግሌዎች ዝም የሚሉት አንዳንዴ በዚህ ነው። ቤተሰብ መርሳት ይመስለዋል።

ለማጣራት ከፈለጉ ሁለት ቦታ አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ይላኩት። ከ1917 ጀምሮ የወጣውን የብርሃንና ሰላም ጋዜጣና ከ1933 ጀምሮ ያለውን አዲስ ዘመን ይጠይቅ። የትምህርት ቤት በዓልና ወደ ውጭ የተላከ ተማሪ ዜና እዚያ ይወጣ ነበር። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ የፎቶ ክምችት አለው። ሲፈልጉ በአያትዎ የኋላ ስም ብቻ አይፈልጉ። የዚያ ዘመን ልጅ አንዳንዴ በክርስትና ስሙ፣ አንዳንዴ በአሳዳጊው ስም ነው የተመዘገበው። የፎቶው ጥግ ላይ የስቱዲዮ ማኅተም ካለም ያሳዩኝ። የፎቶ አንሺዎቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ማኅተም ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን እነሱ ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ስለሠሩ ዘመን አይለይልንም። አያትዎ የሚያንጎራጉሩት «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ከሆነም እንዲሁ ነው። ያ መዝሙር ከንጉሡ ዘውድ እስከ ንጉሡ መውረድ ነበር።

ፎቶውን ላሚኔት እንዳያስደርጉት። ስንቱ ውድ ፎቶ በላሚኔት ተቃጥሏል። ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርገው ፎቶውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ ያኑሩት።

አምስቱ መስቀሎች ቀሩ። በቅርብ ብርሃን አይተው ቀለማቸውን ይንገሩኝ። እንደ ጽሑፉ በእርሳስ ከሆኑ ምናልባት በአንድ ጊዜ የተደረጉ ናቸው። በቢክ እስክሪብቶ ከሆኑ፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት አልተጻፉም፣ ቢክ ያን ጊዜ ነው ለገበያ የወጣው። እንደዚያ ከሆነ አያትዎ ሰው በሞተ ቁጥር ሻንጣቸውን እየከፈቱ ምልክት ያደርጉ ነበር ማለት ነው። የአምስቱ ቀለም የተለያየ መሆን አለመሆኑን ይዩ። አምስት ላይ ለምን እንዳቆሙ ግን ቀለሙ አይነግረንም።

አንድ ነገር እናትዎን ይጠይቁልኝ። አያትዎ የድሮ ጓደኞቻቸውን ስም ሲጠሩ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ነበር ወይ? የዚያ ዘመን ተማሪ በየጠዋቱ የሚሰማው ስም መጥሪያ እስከ ዕለተ ሞቱ አፉ ላይ ይቀራል። እናትዎ ካስታወሱት ተራውን ሳይቀይሩ ይጻፉት። ከዚያ ስሞቹን ይቁጠሯቸው። ከ17 በላይ ከሆኑ፣ ወይም ከፎቶው ጋር አልገጥም ካሉ፣ ያ የሙሴው ክፍል ነው።